ለዘመድ ዓይን ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት

ከአገር ቤት የሚመጣ ስልክ ብዙ ጊዜ ችግር ይዞ ነው የሚመጣው። ኩላሊት ይሆናል፤ ልብ ይሆናል፤ ዓይን ይሆናል። ስለ ዓይን ከሆነ ጥያቄው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ "እዚያ አሜሪካን አገር ስቴም ሴል የሚባል ሕክምና የጠፋ ዓይን ያበራል አሉ፤ እባክህ አጠያይቅልን።" በሳኒቬል ለሚኖር ወገናችን ደግሞ "አላውቅም" ብሎ መመለስ ይከብደዋል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከደጁ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። በሊቃውንት መካከል እየኖረ እንዴት አያውቅም ይባላል?

ከስልኩ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገሩ በማኅበር ላይ ይነሣል፤ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ከጁምዓ ሶላት መልስ መዋጮ ይጠየቃል፤ ለቪዛ የሚሆን የሐኪም ደብዳቤ ፍለጋ ይጀመራል። የወገን ልብ ቸር ነው። ነገር ግን የትኛው ዓይን በምን እንደታመመ ሳይታወቅ የተሰበሰበ ገንዘብ አንዳንዴ ለማያስፈልግ ሕክምና፣ አንዳንዴም ለአጭበርባሪ ሲሳይ ይሆናል።

ሕክምናው የወሬ ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ አለ። ዓይናቸው የበራላቸው ሰዎችም አሉ። የሚረዳው ግን የተወሰነ ጉዳት የደረሰበትን ዓይን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሚረዳና የትኛውን እንደማይረዳ ለመለየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ጥቂት ነገር ማወቅ ይበቃል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የችግኝ መደቡና ማሳው

ከዓይናችን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስተዋት የጠራ ስስ ሽፋን አለ። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ አገር ቤት በዓይን ባንክ ቅስቀሳ ላይ "የዓይን ብሌን" ሲባል የምንሰማው ይኸንኑ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የደም ሥር የለበትም፤ ብርሃን ሳይጋረድ የሚያልፈውም ስለዚህ ነው። ላዩን የለበሱት ሕዋሳት ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር እየተላጡ ይወድቃሉ፤ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ በአዲስ ይተካሉ።

አዲሶቹ ከየት ይመጣሉ? ብሌኑ ከነጩ የዓይን ክፍል ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የተቀመጡ ልዩ ሕዋሳት አሉ። ቦታው ሊምበስ ይባላል። ሕዋሳቱ ደግሞ ስቴም ሴል፣ በአማርኛ ግንደ ሕዋስ የሚባሉት ናቸው። የገበሬ ልጅ ለሆነ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀለበቱ የችግኝ መደብ ነው፣ ብሌኑ ደግሞ ማሳው። መደቡ ዕድሜ ልክ ችግኝ እያፈላ ወደ ማሳው ይልካል። ከዚያም በላይ ከነጩ ክፍል በኩል ያለው ሥጋና የደም ሥር ድንበር እንዳያልፍ አጥር ሆኖ ይጠብቃል።

መደቡ ከተቃጠለ ማሳው ይራቆታል፤ አጥሩም ስለፈረሰ አረሙ ይገባል። ብሌኑ ላይ የደም ሥር የበዛበት ሽፋን ይወጣበታል። በሽተኛው ዓይኑን ይቆረቁረዋል፣ ያለቅሰዋል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ጉዳቱ ከከፋም ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አያይም። ቀለበቱን ከሚያጠፉት ነገሮች ዋነኞቹ ኖራ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ጠንካራ የጽዳት ኬሚካልና አሲድ ናቸው። ለአንዳንድ መድኃኒት ሰውነት በከፋ ሁኔታ ሲቆጣ የሚመጣው ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለው በሽታ አለ። ልጆች ላይ ለዓመታት የሚቆይ ከባድ የዓይን አለርጂም እንዲሁ ይጎዳዋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይሏል። ከሞተ ሰው የተወሰደ ብሌን መትከል የቆየ ሕክምና ነው፤ በዓለም ላይ የተሳካው የመጀመሪያው በ1905 ተደርጓል። መደቡ ለሞተበት ዓይን ግን አዲስ ብሌን ብቻውን ቢተከልለት አይበቃም። አፈሩ ተለወጠ እንጂ ችግኝ የሚያፈላ የለም። ጥቂት ወራት ጠርቶ ይቆይና አረሙ እንደገና ይውጠዋል። "ብሌን ተቀይሮለት አልያዘለትም" ከሚባሉት ሰዎች መካከል ታሪኩ ይህ የሆነባቸው አሉ።

በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው

ለዚህ ትልቅ ምስክር የሚሆነው ሰው የታከመው እዚሁ ቤይ ኤሪያ ነው። ማይክ ሜይ ይባላል። በሦስት ዓመቱ ኬሚካል የያዘ ዕቃ ፈንድቶበት ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። በልጅነቱ የብሌን ንቅለ ተከላ ተሞከረለት፤ አልያዘም። ዓይነ ስውር ሆኖ አደገ፣ ተማረ፣ ትዳር መሠረተ፣ በበረዶ መንሸራተት ውድድር ከዓይነ ስውራን ሁሉ ፈጣኑ ተባለ፣ ለዓይነ ስውራን መንገድ የሚያመለክት መሣሪያ የሚሠራ ኩባንያ አቋቋመ።

ዶክተር ዳንኤል ጉድማን የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም ለቀረው አንድ ዓይኑ ሥራውን በሁለት ደረጃ አደረጉት። በመጀመሪያ በ1999 መጨረሻ ከሞተ ሰው ዓይን የተወሰደውን የግንደ ሕዋስ ቀለበት ተከሉለት። መደቡ ሥር እስኪሰድ ወራት ጠበቁ። ከዚያ በመጋቢት 2000 ብሌኑን ተከሉ። ፋሻው ሲነሣ ሰውየው ከ43 ዓመት በኋላ ብርሃን አየ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለ። ቀለምና እንቅስቃሴ ለማየት ብዙም አልተቸገረም፤ የተወረወረ ኳስ መቅለብ ቻለ። ነገር ግን ፊት አይቶ ሰው መለየት አቃተው። በ2003 በታተመው ጥናት፣ ኢዮን ፋይንና ባልደረቦቿ ምክንያቱን ገለጹት። ዓይኑ ቢጠገንም አንጎሉ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ የፊትን መልክ ማንበብ አልተለማመደም። ስለዚህ ዓይኑ ከበራም በኋላ በመሪ ውሻና በዱላ መጠቀሙን አልተወም። ሌላም ዋጋ ነበረው። ቀለበቱ የባዕድ ሰው ስለሆነ ሰውነቱ እንዳይጥለው የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያዳክም ጠንካራ መድኃኒት መውሰድ ነበረበት፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለሌላ በሽታ፣ ለካንሰር ጭምር፣ ሊያጋልጥ እንደሚችል ተነግሮት ነው የገባበት።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ልጅ ሆኖ ዓይኑ የጠፋ ሰውና ካደገ በኋላ የጠፋበት ሰው ቢታከሙ ውጤታቸው እኩል አይሆንም። ከባዕድ የተወሰደ ቀለበት ደግሞ ለዓመታት መድኃኒት፣ የደም ምርመራና ክትትል ይጠይቃል። አገር ቤት ተመልሶ ለሚኖር በሽተኛ ይህ የቀዶ ጥገናውን ያህል ከባድ ነገር ነው።

አንድ ዓይን ደኅና ከሆነ

የተጎዳው አንድ ዓይን ብቻ ሲሆን መንገዱ እጅግ ይቀላል። ከደኅናው ዓይን ቀለበት ላይ ቅንጣት ተወስዶ በታመመው ላይ ይተከላል። የራስ ስለሆነ ሰውነት አይጥለውም፤ ከባዱ መድኃኒትም አያስፈልግም። ኬንየንና ሴንግ የተባሉ ሐኪሞች ይህን ዘዴ በ1989 አሳተሙ። ችግሩ ከደኅናው ዓይን የሚወሰደው ክፍል በዛ ማለቱ ነበር፤ በሽተኛው "ያለኝንም አንድ ዓይን እንዳላጣ" ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም።

በ1997 ግራዚየላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ የተባሉ የኢጣሊያ ተመራማሪዎች ለዚህ መላ አመጡ። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቅንጣት ብቻ ወስደው በላቦራቶሪ አበዙትና በሁለት ሰዎች ዓይን ላይ ተከሉት። በ2010 የ112 ሰዎች ውጤት ሲታተም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ተሳክቶላቸዋል። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ሆሎክላር በሚል ስም ፈቀደው፤ በአውሮፓ የተፈቀደ የመጀመሪያው የግንደ ሕዋስ መድኃኒት ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር ዋጋው ለአንድ ዓይን 80,000 ፓውንድ ተተምኖ ነበር።

ይህ ዋጋ ለእኛ ሕዝብ የሚታሰብ አይደለም። ደግነቱ በሕንድ አገር ሃይደራባድ ከተማ፣ ኤል ቪ ፕራሳድ የዓይን ተቋም፣ ዶክተር ቪሬንደር ሳንግዋንና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያለ ላቦራቶሪ የሚሠራ ዘዴ አሳወቁ። ከደኅናው ዓይን ሁለት ሚሊ ሜትር በሁለት ሚሊ ሜትር የሆነች ቁራጭ ትወሰዳለች። ቁራጯ ተከትፋ ትንንሽ ቅንጣት ትሆናለች። የታመመው ዓይን ከአረሙ ይጸዳና ከእንግዴ ልጅ ላይ በሚወሰድ ስስ ሽፋን ይለብሳል። እኛ አገር ጓሮ የሚቀበረው እንግዴ ልጅ እዚያ ለዓይን መድኃኒት ይሆናል ማለት ነው። ቅንጣቶቹ በሽፋኑ ላይ እንደ ዘር ይበተኑና በልዩ ማጣበቂያ ይያዛሉ። ችግኙ የሚበቅለው በራሱ በበሽተኛው ዓይን ላይ ነው። በ2016 የታተመው የ125 ሰዎች ውጤት፣ ግማሽ ያህሉ ልጆች ሆነው፣ 76 በመቶ የተሳካ ነበር። ውድ ከሆነው የአውሮፓው ውጤት የማያንስ ነው።

በአሜሪካን አገር በላቦራቶሪ የሚበዛው ዓይነት እስከ 2025 ድረስ ለገበያ አልተፈቀደም፤ የሚሰጠው በጥናት ላይ ብቻ ነው። በቦስተን ዶክተር ኡላ ጁርኩናስ የመሩት የ14 ሰዎች ጥናት በ2025 ታትሟል፤ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ከዐሥር ዘጠኙ ያህል ሙሉ ወይም ከፊል መሻሻል አግኝተዋል። በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተር ሶፊ ዴንግ ሥራ ደግሞ በካሊፎርኒያ መንግሥት ገንዘብ ተደግፏል። በ2004 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ለግንደ ሕዋስ ምርምር 3 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2020 እንደገና 5.5 ቢሊዮን ዶላር በድምፁ ፈቅዷል። በሳኒቬልም በኦክላንድም ግብር የምንከፍል ሁሉ በዚህ ውስጥ ድርሻ አለን።

ሁለቱም ዓይን ከተጎዳ

ሁለቱም ቀለበቶች ከጠፉ ከራስ ዓይን የሚወሰድ ነገር የለም። የቀረው ከዘመድ ወይም ከሞተ ሰው መውሰድ ነው፤ ያ ደግሞ ማይክ ሜይ የወሰደውን ዓይነት መድኃኒት ይጠይቃል። የጃፓን ሐኪሞች ሌላ ፈለጉ። ኮጂ ኒሺዳና ባልደረቦቹ በ2004 ከበሽተኛው ከራሱ የአፍ ውስጥ ሽፋን ወስደው፣ አብዝተው፣ በዓይን ላይ ተከሉ። በ2024 ደግሞ ከሰው ሕዋስ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሠራ ግንደ ሕዋስ በአራት ሰዎች ዓይን ላይ ተክለው ውጤቱን አሳተሙ። ሕዋስን ወደ ኋላ የመመለስን ጥበብ በ2006 ያገኙት ሺንያ ያማናካ፣ የ2012 የኖቤል ተሸላሚ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ግላድስቶን ተቋምም ቤተ ሙከራ አላቸው። ነገሩ ተስፋ ይሰጣል። ነገር ግን አራት ሰው አራት ሰው ነው፤ ዛሬ ከጎጃም ወይም ከወሎ ለሚደውል ዘመድ መልስ አይሆንም።

የአገራችን ዓይን

ታዲያ የአገር ቤቱ ዘመድ ዓይን በምን ጠፋ? በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከ100 ሰው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሹ የታወረው በዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው። ሞራ ከብሌኑ በስተጀርባ ባለው ሌንስ ላይ የሚመጣ ነው፤ ከግንደ ሕዋስ ጋር ምንም አያገናኘውም። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በሌሎችም ከተሞች በአጭር ቀዶ ጥገና ይነሣል። ለስቴም ሴል ተብሎ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚዋጣለት ሰው የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከ100 ዓይነ ስውር 11.5 የሚሆኑት በትራኮማ፣ ገጠሬው ማዝ በሚለው በሽታ፣ ብሌናቸው የጠፋባቸው ናቸው። በዚያ ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ልጆች 62.6 በመቶው ላይ ሕመሙ ታይቷል። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት እደላና በንጽሕና ሥራ በብዙ ወረዳዎች ቀንሷል፤ ቢሆንም በ2020ዎቹም ኢትዮጵያ በትራኮማ ብዛት ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት።

ትራኮማ በአንድ ቀን አያጠፋም። በልጅነት በዝንብ፣ በእጅ፣ በጨርቅ እየተላለፈ ደጋግሞ ይይዛል። የቆቡ ውስጥ ይቆስላል፣ ይጠባሰሳል፣ በኋላም ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል። ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ባርገበገቡ ቁጥር ብሌኑን ይፈጋዋል። እናቶቻችን ወረንጦ በጉያቸው ይዘው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ አንዷ የሌላዋን ሽፋሽፍት ስትነቅል ያየ ያውቀዋል። ተነቅሎ ይበቅላል፤ ሲበቅል አጭርና ሻካራ ሆኖ የባሰ ይወጋል። ከወንድ ይልቅ ሴትን የሚያጠቃውም ሕፃናትን የሚያቅፉት እነሱ ስለሆኑ ነው።

እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ግንደ ሕዋስ ቢተከል ምን ይሆናል? ችግኙ ገና ሳይጸድቅ የተቀለበሰው ሽፋሽፍት ይፍቀዋል። እንባውም ደርቆ ከሆነ ውኃ የሌለው ማሳ ነው። ስለዚህ ማንም ጠንቃቃ ሐኪም በመጀመሪያ ቆቡን ያቀናል። ይህ ቀዶ ጥገና ደግሞ የፈረንጅ አገር ሆስፒታል አይፈልግም። በገጠር ጤና ጣቢያ በሠለጠነ ነርስ ይሠራል፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ በዘመቻ ሲሆን በነጻ ነው። በጊዜው የተቀና ቆብ ብሌኑንም ቀለበቱንም ያተርፋል።

ብሌን መተካት ለሚያስፈልገው ደግሞ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚገኘው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ አለ፤ የተቋቋመው በ2003 ነው። ባንኩ ያለ ለጋሽ ባዶ ቤት ነው። እኛም እዚህ የካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ለጋሽ ለመሆን የምትታተመዋን ሮዝ ነጥብ እናውቃታለን። የአሜሪካ የዓይን ባንኮች ከሚሰበስቡት ብሌን ከፊሉን ወደ ሌሎች አገሮች ይልካሉ። ነጥቧን ማስታተም ምንም ወጪ የለበትም።

ከአጭበርባሪ እንጠበቅ

"ስቴም ሴል" የሚለው ቃል ገንዘብ እንደሚያወጣ የገባቸው ብዙ ናቸው። በ2015 በፍሎሪዳ ሦስት አረጋውያን ሴቶች፣ የዓይናቸው የኋላ ክፍል ታሞ፣ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፈሉ። ከሆዳቸው ስብ ተወስዶ፣ ስቴም ሴል ነው ተብሎ፣ በአንድ ቀን በሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ተወጋ። ሦስቱም ዓይናቸው ጠፋ። ጉዳዩ በ2017 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጣ።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። "ጥናት ነው" እያለ ገንዘብ የሚያስከፍል፣ ሁለቱን ዓይን በአንድ ቀን ካልነካሁ የሚል፣ በአንድ መርፌ ሞራንም፣ ግላኮማንም፣ ስኳር የጎዳውን ዓይንም አድናለሁ የሚል ሰው ካጋጠመ ቦርሳን መያዝ ነው። ከላይ ያየነው እውነተኛው ሕክምና በዓይን ላይ የሚተከል እንጂ በመርፌ የሚወጋ አይደለም፤ የሚረዳውም የዓይንን ፊት ብቻ ነው።

ስልኩ ሲመጣ የሚጠየቁ

እንግዲህ ከመዋጮው በፊት ዘመድ አገር ቤት የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ለእነዚህ መልስ በጽሑፍ ያምጣ።

አንደኛ፣ ሕመሙ ሞራ ነው? ግላኮማ ነው? ወይስ የብሌን ጠባሳ? ሁለተኛ፣ ጠባሳ ከሆነ ቀለበቱ በሕይወት አለ ወይስ የለም? ሦስተኛ፣ የተጎዳው አንድ ዓይን ነው ወይስ ሁለቱ? አራተኛ፣ ቆቡ ቀና ነው? እንባስ አለው? አምስተኛ፣ የዓይኑ ጀርባ ደኅና ነው? ቢያንስ መብራት ሲበራና ሲጠፋ ይለያል? ስድስተኛ፣ ዓይኑ የጠፋው በስንት ዓመቱ ነው?

አንድ ዓይኑ በኬሚካል የተቃጠለበት፣ ሌላው ደኅና የሆነ፣ ቆቡ ቀና የሆነ ወጣት ከሆነ መዋጮው ተገቢ ነው። መንገዱም ከአሜሪካ ይልቅ ወደ ሕንድ ቢሆን ወጪው እጅግ ያንሳል። ሞራ ከሆነ ለአዲስ አበባ የአውቶቡስ ትኬትና ለቀዶ ጥገናው የሚበቃ እንላክ። የተቀለበሰ ቆብ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ነገ አይባልም።

በመጨረሻም ለራሳችን። በዚህ አካባቢ ብዙዎቻችን በምግብ ቤት፣ በሆቴል፣ በጽዳት ሥራ ውለን እናድራለን። የምድጃ ማጽጃና የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል በየማዕዘኑ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ዓይን ውስጥ ከገባ ወደ ሆስፒታል መብረር የመጀመሪያው ሥራ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ ቆቡን በጣት ከፍቶ በቧንቧ ውኃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያለማቋረጥ ማጠብ ነው፤ ሆስፒታሉ ከዚያ ይቀጥላል። ኬሚካሉ ቀለበቱን የሚያቃጥለው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። 80,000 ፓውንድ የሚያወጣውን ሕክምና የሚያስቀረው የቧንቧ ውኃ ነውና፣ ይህን ያነበበ ለሥራ ባልደረባው ይንገር።